ብራዚል በታንኳ

የወንድሜ ልጅ ከዱባይ ለበዓል በመጣ በማግስቱ አያቱን፣ እናቴን፣ ሊጠይቅ ብቅ አለና፣ እሷ ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለስ፣ ያ ሁሉ ሶፋ ተደርድሮ ሳለ ጥግ ያለችውን የእንጨት በርጩማ ስቦ ቁጭ አለባት። ስልኩን አውጥቶ ያንን ደመና የሚነካ ፎቅ፣ ያንን አሸዋ፣ ያንን በሐሩር አገር መሀል በበረዶ የሚንሸራተቱበትን አዳራሽ አንድ በአንድ አሳየኝ፤ እኔም እሰይ፣ ያሳድግህ፣ ክፉ አይንካህ እያልሁ አየሁለት። ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «አክስቴ፣ አንቺ ግን ዕድሜሽን ሙሉ ከዚህ ሐይቅ ዳር ሳትወጪ! አያቴ ያኔ ጀርመን ሄዶ ቢሆን ኖሮ እኮ ሁላችሁም ዓለምን ታዩ ነበር። አባዬ ሲያወራ፣ ፈርቶ ነው የቀረው ይላል።»

ፈርቶ! እንኳን ሰማሁ።

«ተነስ ከሚላኖ ላይ!» አልሁት። ልጁ ደንግጦ ብድግ አለ፤ የቱ ሚላኖ እያለ ዙሪያውን ቢያይ ከበርጩማዋ በቀር ምንም የለም። ጎንበስ ብዬ ገለበጥኋት። ከሆዷ ላይ በጥቁር ቀለም የታተመው ፊደል ደብዝዞም ቢሆን ይነበባል፤ አፍንጫዬን ሳስጠጋላት ደግሞ ያ የማሽን ዘይትና የጥድ እንጨት ሽታ፣ ይኸው ይህን ሁሉ ዘመን አለቀቃትም፤ አባቴ ገና አሁን ከፈረቃ የገባ መሰለኝ።

አባቴ የድሬ ልጅ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው መካኒክ ፈልጎ ባሕር ዳር እስኪያመጣው ድረስ ሐይቅ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም ነበር፤ ጣናን መጀመሪያ ያየ ቀን «አቦ! ይሄን ሁሉ ውሃ ማን ረስቶት ሄዶ ነው?» ብሎ ሰፈሩን በሳቅ ጨረሰው ትላለች እናቴ። ለፋብሪካው መለዋወጫ የሚመጣው በትልልቅ የጥድ ሣጥን ሲሆን፣ ሣጥኑ ላይ የተነሣበት ከተማ ስም ይታተምበታል። አባቴ ባዶውን ሣጥን እያስፈቀደ ይወስድና፣ የከተማው ስም ያለበትን ጣውላ ሳያበላሽ በርጩማ ይሠራበታል። የሌላው ቤት ልጅ «ወንበሬን ልቀቅ» ብሎ ሲጣላ እኛ ቤት «ሚላኖ የኔ ናት፣ አንተ ማንቸስተር ላይ ተቀመጥ» ነበር የምንባባለው፤ እናቴ ደግሞ ሽንኩርቷን የምትከትፈው ሃምቡርግ ላይ ተቀምጣ ነው።

ይህ ሰው ዓለምን የማየት አምሮት ነበረበት። አምሮት ስላችሁ እንደ ነፍሰ ጡር አምሮት፣ እንቅልፍ የሚነሣ። ዘመኑ ግን የደርግ ነው። ያለ ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ለቅሶ ለመድረስ እንኳ ኬላ ላይ የሚያስወርድ ዘመን ነው፤ ባሕር ማዶማ ስሙን ጮክ ብሎ መጥራትም ያስጠረጥር ነበር። አባቴ ታዲያ ተቀምጦ አላለቀሰም። እሑድ እሑድ ፈረቃ ከሌለው፣ ቤተሰቡን ይዞ ዓለምን ለመዞር ተነሣ።

ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አጠገብ ያለችው የደብረ ማርያም ደሴት ግሪክ ሆነች፤ ለምን ግሪክ እንደሆነች ዛሬም አላውቅም። ጢስ ዓባይ በፏፏቴው ካናዳ ተባለ። ዘንዘልማ ያኔ ሜዳና ላም ብቻ ስለነበር ሆላንድ ነው። ዘጌ ደግሞ፣ ያ በሬ የማይጠመድበት፣ ፀሐይ በስንት ልመና የሚገባበት የቡና ጫካ፣ ብራዚል። እናቴ የዘጌ ሰው ናት። «አየ ጉድ! ተወልጄ ያደግሁበት ቀዬ እንዲያው ባል ባገባ ብራዚል ሆኖ ይቅር?» እያለች ስታሽሟጥጥ፣ አባቴ ለድሬ ዘመዶቹ የብራዚል ሴት ማግባቱን እየጻፈ እንደሚያስቀናቸው ይነግራት ነበር።

ታንኳው የጋሽ እንድሪስ ነው፤ ደንገሉን ራሱ ከውሃ ዳር ቆርጦ፣ አድርቆ፣ አስሮ የሚሠራው። ገና ጎህ ሳይቀድ ደንገሉ ላይ ተደራርበን እንቀመጣለን፤ መቀመጫችን ወዲያው በውሃ ይርሳል፤ ጋሽ እንድሪስ ከኋላ ቆሞ በረጅም ዘንጉ ይገፋና አባቴን «ካፒቴን፣ ዛሬ ወዴት አገር ነን?» ይለዋል። የዓባይን አፍ ስንሻገር ጉማሬ ትንፋሹን ፉፍ ሲያደርግ እናቴ ሁላችንንም በአንድ ነጠላ ጠቅልላ የታቦቱን ስም ሁሉ ትጠራለች። እርጥብ ደንገል፣ የዓሣ ሽታ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ትኩስ ዳቦ፤ ለኔ የባሕር ማዶ ሽታ ይኸው ነው፣ ሌላ አላውቅም፣ አልፈልግምም።

የቤታችን ሕግ ደግሞ ነበረች። አዲስ አገር ሲደረስ ጫማ ይወልቃል፣ እግር በአገሩ ውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ አራታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን አንድ ላይ እንገባና መጀመሪያ ያገኘነውን ሰው «አገሩ ሰላም ነው?» ብለን እንጠይቃለን። አንድ ሰው ከቀረ ማንም አይገባም። አንድ ቀን ወንድሜ አኩርፎ ታንኳ ላይ አልወርድም ቢል፣ ሦስታችን እግራችንን ታጥበን፣ ዳር ቆመን፣ ኩርፊያው እስኪወጣለት ጠበቅነው። የዘጌ ሰውም ለመደን፤ የእናቴ አክስት ገና ከሩቅ ሲያዩን «እንኳን ወደ ብራዚል በደኅና መጣችሁ!» ይሉን ነበር፤ ብራዚል ምን እንደሆነች ሳያውቁ።

ወደ ብራዚል በሚወስደው መንገድ ላይ ክብራን አለች። ክብራን የመነኮሳት ገዳም ናት፤ ከጥንት ጀምሮ ሴት አይረግጣትም። ለዚህች ደሴት አባቴ የአገር ስም አላወጣላትም። መጀመሪያ ያለፍን ጊዜ ጋሽ እንድሪስ ትንሽ ሊያርፍ ታንኳውን ከድንጋዩ አስጠጋ፤ እናቴም ነጠላዋን አጣፍታ እዚያው ሆና ተሳለመች። አንድ ሸምገል ያሉ መነኩሴ ወደ ውሃው ወረዱና አባቴንና ወንድሜን «ግቡ እንጂ፣ ተሳለሙ» አሏቸው። ወንድሜ ተነሥቶ ነበር። አባቴ ትከሻውን ይዞ አስቀመጠውና፣ «አባ፣ ይፍቱኝ፤ ሥርዓቱን ነቅፌ አይደለም። እኔ ግን ቤተሰቤን ውጭ ትቼ አገር አልገባም» አለ። እናቴ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች፤ ምን ያደርጋል፣ መሬቱም የለ፣ ውሃ ነው። «ኧረ አንተ ሰው፣ አታዋርደኝ፣ ሂድ ግባ» ብትለው ንቅንቅ! መነኩሴው ፊታቸውን መልሰው ወጡ። ተቀየሙ ብለን ስንሳቀቅ፣ የበረከት ዳቦና ጠበል ይዘው ተመለሱ፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገቡና፣ መስቀላቸውን ከእናቴ ጀምረው አራታችንንም አሳለሙን። ከዚያ ወዲህ ሲያዩን ሳንጠራቸው ይወርዱ ነበር።

ነገሩ ከቤታችን የወጣው በወንድሜ ነው። ትምህርት ቤት አስተማሪው ቡና በብዛት የሚያመርተው ማን እንደሆነ ቢጠይቁ፣ ወንድሜ እጁን አውጥቶ «ብራዚል! እሑድ ሄደን ነበር፤ አክስታችን እዚያ ናቸው» ብሎ እርፍ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ለሱም ኩርኩሙ ቀርቶ ስሙ ተረፈው። ጡረታ ሊወጣ በተቃረበበት በዛሬ ጊዜ እንኳ አብሮ አደጎቹ «ብራዚል» ነው የሚሉት። ፋብሪካውም ሰምቶ አባቴን መንገደኛው ይለው ጀመር።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለሥልጠና ትሄዳለህ ያሉት። ለሁለት ዓመት። ሃምቡርግ ባይሆንም ከሃምቡርግ ጎረቤት! የሰማ ቀን ቤት ገብቶ ሚላኖ ላይ ተቀመጠና አንዲት ብሎን በጣቱ እያሽከረከረ አመሸ። ቤተሰብ አይከተልም፣ እዚህ ይቆያል ተብሏል። እናቴ ወጥ እያማሰለች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ሂድ። ልጆቹን እኔ አያቸዋለሁ። ያንን የተራበ ዓይንህን አጥግበህ ና» አለችው። እሱ ብሎኗን ማሽከርከሩን ቀጠለ።

መልሱን የሰጠው ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት አዳራሽ ነው። እኔ አልነበርሁም፤ የነገረን ከሽመና ክፍል የሚሠራው ጎረቤታችን ነው፤ እሱም በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ካድሬው የሚሄዱትን ስም ጠርቶ አባቴ ላይ ሲደርስ «ጓድ መንገደኛም ከብራዚል ወደ ጀርመን ተዛውሯል» ብሎ አሳቀ። አባቴ ተነሣ። ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ ልሂድ ወይ ብሎ ጠየቀ። «አታስብ፤ ቤተሰብህን አብዮቱ ይጠብቅልሃል» አለው ካድሬው። ባትመለስ በእጃችን ናቸው ማለት እንደሆነ ያልገባው ሰው አልነበረም። አባቴም፣ «አብዮቱ ሥራ በዝቶበታል፤ እሱን አላስቸግርም። እኔ ቤተሰቤን ውጭ ትቼ አገር አልገባም» ብሎ ቁጭ አለ።

በዚያ ዘመን እንዲህ የተናገረ ሰው ማታ ቤቱ ይገባል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። አባቴም አልገባም። ቀበሌው ግቢ ዘግተውበት ሰነበተና ጢሙ አድጎ፣ አንድ ጎኑን እየደገፈ ተመለሰ፤ ምን አደረጉህ ስንለው «ተኝቼ ከረምሁ» አለን። ከማሽን ክፍል አንሥተው የጥጥ ጭነት ተሸካሚ አደረጉት፤ ያ እጅ፣ ማሽን ሲታመም በጆሮው ሰምቶ የሚያድነው ሰውዬ እጅ፣ ጥጥ ተሸከመ። ከዚያም አለፈና፣ ከእንግዲህ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ከቀረህ ወዮልህ ተባለ። እናቴ እስከዚያች ቀን አልሄድም በማለቱ አኩርፋው ነበር፤ ጎኑን በቅቤ እያሸችለት እንኳ አታናግረውም። እሑድ ማለዳ አባቴ ለስብሰባው ኮቱን ሲያነሣ፣ በሩ ላይ ዳቦዋን ቋጥራ፣ ነጠላዋን አገልድማ ቆማ አገኛት። «ወዴት ነው? ጋሽ እንድሪስ እየጠበቀ ነው። ዛሬ ብራዚል ነን» አለችው።

ሄድን። አራታችንም! የቀበሌው ጥበቃ እያየን፣ በግላጭ፣ በዋናው መንገድ። ለዚያች እሑድ ብለው የቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና ስለከለከሉን ስንት ወር ሻዩን በጨው ጠጣነው። ይጣፍጥ ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ግን ጠጣነው።

በአባቴ ፋንታ የሄደው ሰውዬ ካሴት የሚያጫውት ትልቅ ራዲዮና የቆዳ ጃኬት ይዞ ሲመለስ፣ ወንድሜ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲያይ ዋለ። ያቺ ቀን ናት ልቡ ውስጥ የቀረች፤ አውቃለሁ፣ አልፈርድበትም፤ ልጅ ነበር፣ ስሙንም ብራዚል ብለውበታል። ግን ፈሪ? በዚያ አዳራሽ ከነበረው ሁሉ መሀል ማን ነበር ፈሪው?

ዛሬማ ምን ቀረ ብትሉኝ፣ ሆላንድ ላይ ቤት ተሠርቶባት ባጃጅ ይርመሰመስባታል። ደንገሉ ሳሳ፣ ሐይቁን እምቦጭ ወረሰው፣ ጋሽ እንድሪስ አረፈ፤ ብራዚልም ቢሆን በሞተር ጀልባ በአንድ አፍታ ደርሰው ይመለሳሉ፤ እግሩን የሚታጠብ የለም። ማንቸስተር ተሰበረች። ሃምቡርግን ምስጥ በላት። አራታችን አንድ ታንኳ ላይ የተቀመጥንበት ማለዳማ፣ እንኳን በብር በምንም አይመለስ።

አባቴ ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ ፓስፖርት እንደ ልብ ሲሆን፣ ጉልበቱ አልቆ ነበር። ከሰዓት ከሰዓት ደግፌ ውሃ ዳር አወጣዋለሁ። አንድ ቀን አውሮፕላን ተነሥቶ ሐይቁን ተሻግሮ ሲሄድ፣ ነጥብ እስኪሆን በዓይኑ ሸኘውና፣ «አቦ፣ አምሮኝ ነበር» አለኝ። እኔም እጁን ያዝሁት።

ይህን ሁሉ ለልጁ የነገርሁት ቆሜ ነው፤ እሱም ቆሞ ነው የሰማኝ። ስጨርስ ስልኩን ኪሱ ከቶ፣ «ታዲያ አያቴ ዓለምን ሳያይ ሞተ ማለት ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ ሳያይ ሞተ» አልሁት፤ ምን እዋሸዋለሁ። «ብቻ ለአባትህ እንዲህ ብላለች በልልኝ፤ አባታችን ፈርቶ አይደለም የቀረ። እያማረው ነው የቀረ።»

በርጩማዋን አቃንቼ ወደ እሱ ገፋሁለት። «በል፣ አሁን ሚላኖ ላይ ተቀመጥ።»