የዋሲላ የደም ሥሮች

አልጄሪያ፣ ቁስንጢና ከተማ፣ በእኛ ሰፈር ሴት ስትሞት አስከሬኗን፣ ጀናዛዋን፣ የምታጥበው ዋሲላ ነበረች። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ ስታጥብ ውሃ አፈስስላት ነበር። ኮሮና በገባ ጊዜ ሰው ሁሉ በሩን ሲዘጋ እሷ ፕላስቲክ ለብሳ ትወጣ ነበር። በመጨረሻ እሷንም ያዛት። ሳምንት ተኝታ ተነሣች። እኛም «አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈች» ብለን ረሳነው።

በዓመቱ ደረጃ ስንወጣ መሀል ላይ ግድግዳ ይዛ መቆም ጀመረች።

«ምን ሆንሽ?» ስላት፣

«ምንም። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይደልቃል» አለችኝ፣ የሌላ ሰው ወሬ እንደምታወራ።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ወጣቷ ሐኪም አንገቷና ጭኗ ላይ መሣሪያ አድርጋ ለካቻት።

«ኮሮና ይዞዎት ነበር?»

«ቀላል ነበር። ለቆኛል።»

«የደም ሥሮችዎን ግን ሳያደነድናቸው አልቀረም። ልብ በመታ ቁጥር መለጠጥ ነበረባቸው። ዕድሜዎ አርባ ስድስት ነው፤ ሥሮችዎ የስልሳ ዓመት ሴት ሥሮች ሆነዋል።»

«ይድናል?»

«በጊዜ ሊለሰልስ ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒት ይውሰዱ፣ ጨው ይቀንሱ፣ በየቀኑ ቀስ ብለው ይራመዱ። ቃል ግን አልገባልዎትም።»

«እሺ» አለች ዋሲላ።

ባሏ መስዑድ ማታ ሲሰማ፣ «ስልሳ? ታዲያ ከዛሬ ጀምሮ አክስቴ ልበልሽ?» አላት። አልሳቀችም። ትንሽ አያትና ተነሥቶ የጨው ዕቃውን ከገበታው ላይ አነሣ።

በመከር እናቷ ሞተች። ሌላ አጣቢ እንጥራ ብላት እምቢ አለች። የእናቷን ቀኝ ጎን አጥባ ልታገላብጣት ስትል የራሷ ፊት አመድ መሰለ፣ ክንዷ ከዳትና ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች።

«ቀጥይ» አለችኝ።

«እኔ? እኔ እኮ ውሃ አፍሳሽ ነኝ!»

«ግራ ጎኗን። ውሃው እንዳይቀዘቅዝ። ከዚያ ጸጉሯን ሦስት ቦታ ጎንጉኚው።»

ምስር እንዴት እንደሚቀቀል የምትነግረኝ ነበር የሚመስለው። እንዳለችኝ አድርጌ ጨረስኩ። አላለቀሰችም። ለቀስተኛው ሁሉ «ምን ዓይነት ሰብር ነው!» እያለ ትዕግሥቷን አደነቀ።

ሰው ሲበተን፣ «ሰብር አይደለም» አለችኝ። «ምንም አልተሰማኝም። እስቲ ሐኪሟን ጠይቂልኝ፤ ይሄም ከደም ሥሬ ነው?»

አልጠየቅኩላትም።

አሁን እኔ አጥባለሁ፤ እሷ ወንበር ላይ ሆና ትመራኛለች። ከሰዓት በኋላ እስከ ሰፈራችን ድልድይ አብረን እንራመዳለን። ግፊቷ ወርዷል። ሐኪሟ እንደገና ለክታ፣ «ሥሮችዎ ትንሽ ለስልሰዋል!» ብላ ስትደሰት፣ ዋሲላ «እሺ» ብላ ሻሿን አሰረች።

ትናንት ድልድዩ ላይ ነፋሱ አያስቆምም ነበር።

«በረደሽ?» አልኳት።

ቆም ብላ አሰበች። «እንጃ። አንቺስ?»

«እኔማ በርዶኛል።»

«በይ እንመለስ» አለችና ክንዴን ያዘች።