ከጎታው ጀርባ የነበረው ፊት

ከሰል የነካሁ ቀን ጣቴን ቶሎ አልታጠብም። ጥቁረቱን እያየሁ እቀመጣለሁ። ልጆቼ አሮጊቷ ነሆለለች ይላሉ፤ ይበሉ።

ለአምቦ ሰው የተዳርኩ ጊዜ አማርኛ አልሰማም ነበር። ከካቺሲ ይዤ የመጣሁት ኦሮምኛዬን ብቻ ነው። አማቴ ደግ ሴት ነበሩ፤ ስሳሳት ግን እንባቸው እስኪመጣ ይስቁ ነበር፤ "ኧረ ይቺ ልጅ በሳቅ ትገድለኛለች" እያሉ። እኔም ዝም አልኩ። ያላወራሁትን ጓዳ ገብቼ፣ ከጎታው ጀርባ፣ ሰው በማያየው ግድግዳ ላይ በከሰል እሥለው ጀመር። የእናቴን በር፣ የመንደራችንን ምንጭ። ታናሽ ወንድሜን ከገበያ አፍሰው ለጦርነት እንደወሰዱት ስሰማ ደግሞ እሱን ሣልኩት። የቆመ ጆሮውን፣ ቅንድቡን የከፈለውን ጠባሳ፣ እያጠፋሁ ስደጋግም፣ አንድ ቀን ራሱ ሆኖ አየኝ። ፎቶግራፍ ተነስቶ አያውቅም ነበር።

እንደ ወጉ የመጀመሪያ ልጄን እናቴ ቤት ሄጄ ወለድኩ። እዚያው ሳለሁ መርዶው መጣ። ሬሳ የለ፣ ልብስ የለ። እናቴ አንድ ማለዳ፣ ፊቱ እየጠፋብኝ ነው አለችኝ።

"እኔ ጋ አለ፤ መጥተሽ እዪው" አልኳት።

በጭነት መኪና፣ አቧራ ለብሰን መጣን። መንገዱን ሁሉ ትጠይቀኛለች። ይስቃል ወይ? ሊስቅ ሲል ነው እላታለሁ።

በሩን ስናልፍ የእርጥብ አፈር ሽታ ተቀበለን። አማቴ እጄን ይዘው ወደ ጓዳ አስገቡን። ለአራሷ ብለው ጎታውን አስወጥተው፣ ግድግዳውን በገዛ እጃቸው በእበት ለቅልቀው፣ ነጭ አፈር ቀብተውታል። ጓዳው በራ።

"ያ ጥላሸት ሁሉ ጠፋልሽ፣ ልጄ" አሉኝ።

ክፉ ቢሆኑ ኖሮ በተቀየምኳቸው፤ እስከ ዛሬም በቀለለኝ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ግድግዳው ቀረበች።

"ኤሳ ጂራ?" አለችኝ። የት አለ?

ቦታውን በጣቴ አሳየኋት። መዳፏን እርጥቡ ላይ አሳረፈች፤ አላነሳችውም።

"እናትሽ ምን አሉ?" አሉ አማቴ።

"ቤቱ አምሯል ነው የምትለው።"

አማቴ ደስ ብሏቸው እናቴን አቅፈው ሳሟት።