ነጭ መስመር ያላት ድንጋይ

ቬርዲ ልጇን የቀበረችው በየካቲት ውርጭ ነው። መሬቱ ዶማ አልቀበል ቢል ወንድሟ ክላይድ እሳት አንድዶ አለሰለሰውና ቆፈረ። ባሏ ዶርሲ ከተራራው ማዶ ግንድ ቆረጣ ላይ ስለነበር የልጅቷን መወለድና መሞት የሰማው በአንድ ጊዜ ነው። ሕፃኗ ኢዳ ሳምንት እንኳ አልሞላትም ነበር። ቬርዲ በራሷ ፎጣ ጠቅልላት፣ ከወንዙ ዳር መሃሏን ነጭ መስመር የከፈላት ድንጋይ መርጣ፣ በጉያዋ ይዛ ወጥታ ከራስጌዋ አቆመቻት። ስም አልጻፈችባትም። በዚያ ሸለቆ ማን የት እንደተኛ ስለሚታወቅ ድንጋይ የሚያስጽፍ አልነበረም።

አፈሩ ሲከደን ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይበርዳታል።

በየዓመቱ በግንቦት እሑድ የሸለቆው ሰው ሁሉ ወደ መቃብሩ ይወጣል። ሣሩን ነቅለው፣ ቀዩ አፈር ራቁቱን እስኪቀር ጠርገው፣ የወረቀት አበባ ሰክተው፣ እዚያው ረጅም ጠረጴዛ ዘርግተው ይበላሉ። ሣር የበቀለበት መቃብር ዘመድ የረሳው መቃብር ነው። ዶርሲ ግን አንድም ጊዜ እስከ ላይ አልወጣም። ከታች እንጨት ሲፈልጥ ይውላል። ቬርዲም አልጎተጎተችውም።

ከዚያ የግዛቱ መንግሥት ሸለቆውን ከነሸንተረሩ ገዛው። የከተማ ሰው የሚናፈስበት ፓርክ ይሆናል ተባለ። ሰዎቹ ወደ ቆላው ወረዱ፤ እንዳይመለሱም ቤቶቹ ተቃጠሉ። በቆሎ ይበቅልበት የነበረው ማሳ ላይ የጥድ ችግኝ እንደ ተማሪ ተሰለፈ። መቃብሩ ግን አይነካም፣ በየግንቦቱ መምጣት ትችላላችሁ ተባሉ።

ዶርሲ ግንበኝነትም ያውቅ ስለነበር ከመሬቱ ያስነሳው ፓርክ መልሶ ቀጠረው። ለሽርሽረኞች የሚሆን፣ ትልቅ የድንጋይ ምድጃ ያለው ዳስ ሠራ። ድንጋዩን በጭነት መኪና የሚያመጡለት ከሩቅ ሜዳ አገር መጥተው በድንኳን የሰፈሩ ጎረምሶች ነበሩ። እነሱም አንድ ቀን ኮረብታው ላይ ሣር የሌለበት ራቁት መሬትና ጽሑፍ አልባ ድንጋዮች አገኙ። ሰው በፍቅር የጠረገው መሬት ለእነሱ የተጣለ ማሳ መሰላቸው። ድንጋዩን ጭነው ችግኝ ተከሉበት።

በግንቦት የሸለቆው ሰው እንደ ልማዱ መጣ።

«ዶርሲ፣ ዘንድሮም እንጨት ልትፈልጥ ነው?» አለች አክስት ሉላ ቅርጫቷን ታቅፋ እያለከለከች። «እስካሁን የፈለጥከው እኮ ለገሃነምም ይተርፋል!»

«ዘንድሮ እወጣለሁ፣ አክስቴ።»

«እሰይ! ግን ኬኬን ቀድመህ ብትነካ እጅህን ነው የምቆርጠው።»

ቬርዲ ዞራ አየችው። ሸሚዙን ተኩሷል። በአንድ እጁ የወረቀት አበባ ይዟል፤ ሮዝ፣ ጠማማ፣ ራሱ የሠራው።

ላይ ሲደርሱ ችግኝ ብቻ ነበር። ቬርዲ ወዲያ ወዲህ ተመላለሰች። «እዚህ ናት… አይ፣ እዚህ… ክላይድ፣ እሳቱን የት ነበር ያነደድከው?» ክላይድ ራሱን ነቀነቀ። እሱም አያውቅም።

ዝናብ መጣና ወደ አዲሱ ዳስ ሮጡ። ቬርዲ ምድጃውን ቀና ብላ ስታይ ከአፉ በላይ፣ ልክ መሃል ላይ፣ ነጭ መስመር ያላት ድንጋይ ተቀምጣለች።

«ይቺን ከየት አመጣሃት?»

«በመኪና መጣች። ቆንጆ ሆና አገኘኋትና ሰው ሁሉ እንዲያያት መሃል ላይ አደረግኳት። ምነው?»

ቬርዲ መዳፏን ድንጋይዋ ላይ አሳረፈች። ዶርሲ የእጇን አቀማመጥ አየ፤ አበባው ከጣቱ ወደቀ።

«አፈርሰዋለሁ» አለ። «አሁኑኑ፣ ከነዳሱ!» መዶሻ ፍለጋ ወደ ዝናቡ ሲሮጥ ክላይድ ያዘው።

«አውጥተህ የት ታደርጋታለህ?» አለች ቬርዲ ቀስ ብላ።

ድንጋይዋ ብትወጣም ቦታው ጠፍቷል።

ፓርኩ አደገ። የድንኳን ሰፈር፣ ጀልባ የሚንሳፈፍበት ሐይቅ፣ በር ጠባቂ መጣለት። ችግኞቹ ረዘሙና ከሥራቸው ሰሌዳ ቆመ፦ «የሰው እጅ ያልነካው ደን»። ዶርሲ ቅዳሜ ቅዳሜ ብሩሽና ሳሙና ይዞ የድንጋይዋን ጥላሸት ያጥባል። አጥቦ ሲጨርስ ባርኔጣውን አውልቆ ትንሽ ይቆማል። እስኪሞት እንዲሁ ነበር። ሸንተረሩ ላይ አዲስ መቃብር ስለተከለከለ ከተማው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ቬርዲ አርጅታም በግንቦት እሑድ መምጣቷን አልተወችም። ዳሱ ውስጥ ያገኘችውን ሰው ሁሉ ዛሬን ብቻ እሳት አታንድዱ እያለች ትለምናለች፤ ድንጋይዋ እንዳትጠቁርባት። አንድ ብርዳማ ግንቦት ግን ዘግይታ ደረሰች። አንድ የከተማ ቤተሰብ እሳቱን አንድዶ ቋሊማ ይጠብሳል።

«እማማ፣ ቦታዎን ይዘንብዎት ነው?» አለ አባትየው ብድግ ብሎ።

«እማማ ብለህ አትጥራቸው፣ ሴቶች አይወዱም» አለችው ሚስቱ። «ይጠጉ፣ ይሙቁ።»

ቬርዲ እሳቱን አጥፉልኝ ልትል ነበር። በቅድሚያ ግን እንደ ልማዷ እጇን ዘረጋች። ድንጋይዋ ሞቃለች፤ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሕፃን ግንባር። ቬርዲ እጇን ማንሳት አልቻለችም። አባትየው ጠጋ አለ።

«እማማ! ምን ሆኑ?»

እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል።

«ልጄ» አለችው፣ «እንጨት ጨምርበት።»