እናቴ አሜን ያላለችበት እሁድ

ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጌታ ያደረገልኝን ልነግራችሁ ነው የቆምኩት። ወንበሩን ይዤ ስለምናገር ታገሡኝ፤ ጉልበቴ ብዙ አያቆመኝም። ስሙ ግን ይባረክ!

አብዛኞቻችሁ ሥራዬን ታውቃላችሁ። በልጅነቴ ከአዲስ አበባ መጥቼ እዚሁ አሜሪካ ነው ያደግኩት። የአሜሪካን ፉትቦል ፕሮፌሽናል ተጫዋች ነበርኩ፣ ላይንማን። ጋሽ በቀለ እስከ ዛሬ «ስንት ጎል አገባህ?» ይሉኛል። ጋሽዬ፣ እኔ ኳሷን አልነካም! ኳስ ወርዋሪው ፊት ቆሜ የሚመጣበትን ሁሉ በደረቴና በጭንቅላቴ የምመልስ ሰው ነበርኩ። ብዙ ሰው በዚህ ሥራ ጥቂት ዓመት ነው የሚቆየው። እኔ ከአሥር ሲዝን በላይ ቆየሁ። የቡድኑ ልጆች «ሽማግሌው» ይሉኝ ነበር። መቆየቴ ኩራቴ ነበር፤ አምላኬም እሱ ነበር።

እዚህ የምመጣው ሲዝን ሊጀመር ሲል ብቻ ነበር፤ ታስታውሳላችሁ። ጉልበቴን ዘይት ትቀቡልኛላችሁ፣ እጅ ትጭኑብኛላችሁ፣ «ጌታ ሆይ፣ አንድ ዓመት ጨምርለት» ትላላችሁ። ይጨምርልኛል፣ እሄዳለሁ። ጌታን እንደ ጉልበት ሐኪም ነበር የማየው።

ከዚያ ጭንቅላቴን ያመኝ ጀመር። ብርሃን ያመኛል፣ በትንሽ ነገር እጮሃለሁ። ባለቤቴ ትፈራኝ ጀመር። ሐኪሙ መርምሮኝ «ጉልበትህን እንቀይርልሃለን፤ ጭንቅላትህን ግን መቀየር አንችልም። በቃህ» አለኝ። «አንድ ዓመት ብቻ» አልኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት ከልምምድ ስመለስ ፎርት ስኔሊንግ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ቤቴ ጠፋብኝ። አፕል ቫሊ ያለው፣ ስንት ዓመት የኖርኩበት ቤት! መንገዱ ብቻ አይደለም፣ የምኖርበት ከተማ ስም ራሱ አልመጣልኝ አለ። ነዳጅ ማደያ ገብቼ ፓርክ አደረግሁና ለእናቴ ደወልኩ። ታውቋታላችሁ፣ እዚያው ኤርፖርት መራመድ ያቃታቸውን መንገደኞች በዊልቸር ትገፋለች። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች መጣች። መኪናው ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። «ለማንም እንዳትናገሪ» አልኳት። ቁልፉን ተቀብላኝ ቤቴ አደረሰችኝ።

በሚቀጥለው እሁድ እንደ ልማዴ መጣሁ። ዘይቱን ተቀባሁ። ፓስተር «አንድ ዓመት ጨምርለት!» አሉ፤ ቤቱ በሙሉ «አሜን!» አለ። እናቴ እጇን ከትከሻዬ አነሳች።

«እኔ አሜን አልልም» አለች። «ልጄ ቤቱ ጠፍቶበታል። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ በዊልቸር ስገፋ እውላለሁ። የእሱን ዊልቸር የምገፋበትን ዓመት ጌታን አልለምንም።»

ተናደድኩ፣ ምን ልዋሻችሁ። በሰው ፊት አዋረደችኝ አልኩ። ልወጣ ስነሳ ጉልበቴ ከዳኝና እዚህ፣ እዚህ ምንጣፍ ላይ ወደቅኩ። ለማንሳት ሞክራችሁ ነበር፤ ክብደቴን ግን ታውቃላችሁ! እናቴ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ያን ጊዜ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ጌታ ሆይ፣ ሌላ ዓመት አልፈልግም፤ አንተን ነው የምፈልገው» አልኩ። ሃሌሉያ! በማግስቱ ለኮቹ ደውዬ ጨርሻለሁ አልኩት።

ወገኖቼ፣ ተፈወስኩ ብዬ አልዋሽም። ሐኪሙ መርሳቱ ሊብስ ይችላል ብሎኛል። እፈራለሁ። ትናንት ባለቤቴን ልጠራት ብዬ ስሟ ጠፋኝ። እጄን ይዛ እስኪመጣልኝ ጠበቀችኝ፤ አሁን አትፈራኝም። ክብር ለጌታ! አንድ ቀን በዚያ በር ገብቼ ስማችሁን ብጠይቃችሁ አትዘኑብኝ፣ ንገሩኝ። እኔ ጌታን ብረሳው እሱ አይረሳኝም። እናንተም እንዳይወሰድባችሁ አጥብቃችሁ የያዛችሁት ነገር ካለ ለእሱ ስጡት። እመኑት፣ የሚይዝበት እጁ ጠንካራ ነው።

ከእንግዲህ ዓመት አትለምኑልኝ። ዛሬን ለምኑልኝ፤ ዛሬ ቤቴን አውቄ እንድገባ። እማዬ፣ እዚያ ኋላ ነሽ አይደል? አሁን አሜን በይልኝ።