በአልኮል የታጠበ መርፌ

ለእኛ ለእንስሳት ጤና ቴክኒሻኖች በዓመት አንዴ፣ ሲሳካ ሁለቴ፣ ወልድያ ላይ ስልጠና ይዘጋጅልናል። እኔ የምሄደው ከመርሳ ነው። ሚኒባሱ ሲሪንቃ ላይ ይቆማል፤ ረዳቱ "ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰው" እያለ አምስት ይጭናል። ወልድያ ስንደርስ ሁሌም ረፍዷል፤ ማርፈዱ ግን ግድ ሰጥቶኝ አያውቅም። አዳራሹ ውስጥ ምን እንደሚጠብቀኝ አውቃለኋ። ግድግዳው ላይ ባነር አለ፣ በር ላይ የስም መፈረሚያ ወረቀት አለ፣ የመክፈቻ ንግግር የሚያደርግ ኃላፊ አለ፣ ከዚያ ሁላችንም በጉጉት የምንጠብቀው የሻይ ዕረፍት አለ። በአሥራ ስድስት ዓመት ሥራዬ ከእነዚያ ስልጠናዎች ይዤ የወጣሁት ደብተርና እስክሪፕቶ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። ልጆቼ ደብተር ቸግሯቸው አያውቅም።

ሥራዬ በሀብሩ ቆላ ቀበሌዎች እየዞሩ ከብትና ፍየል ማከምና መከተብ ነው። ሰዉ "የከብት ሐኪም" ይለኛል። ሐኪም አይደለሁም፤ ማረሙን ግን ከተውኩት ቆየሁ። የምታወቀው በንጽሕናዬ ነው። ሌሎቹ አንዱን መርፌ ይዘው ከግቢ ግቢ ሲዞሩ፣ እኔ የአንዱን ሰው ፍየሎች ጨርሼ ወደሚቀጥለው ሳልሻገር ሲሪንጁ ውስጥ አልኮል ስቤ አለቀልቀዋለሁ፤ መርፌውንም በአልኮል በራሰ ጥጥ እጠርገዋለሁ። ያስተማረኝ ከእኔ በፊት ቀበሌውን የያዘው አንጋፋ ባለሙያ ነው። ጓደኞቼ "የሰው ሆስፒታል ይመደብ" እያሉ ይቀልዱብኛል። ገበሬዎቹ ግን ቆመው ያዩኛል፤ እያዩኝ እንደሆነ ሳውቅ ትንሽ ጊዜ ወስጄ ነበር የማጥበው። ምን ልዋሽ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት በአንዱ ቀበሌ ፍየሎቹን "ደስታ መሰል" ለሚባለው በሽታ ከተብኩ። ስሙን ሰምቶ ቀላል የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። የፍየሏን አፍ ያቆስላል፣ ዓይንና አፍንጫዋን ያዝረከርካል፣ በተቅማጥ ያደርቃታል፣ ከዚያ ሞት ነው። ከመንደሩ ዳር አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው እናት ይኖራሉ። አሥራ አንድ ፍየል ነበራቸው፤ ሁሉንም አስከተቡ። ከሦስት ወር በኋላ በሽታው ገባ። መጀመሪያ የገባው እሳቸው ግቢ ነበር፤ በአንድ ሳምንት ስምንቱን ጨረሰ።

ተጠርቼ ሄድኩ። ጎረቤቶች ግቢውን ሞልተውታል። አንዱ "የከተብካቸው ናቸው እኮ" አለኝ። መልስ ያስፈልገኝ ነበር፣ ያውም ቶሎ። ዘወር ስል አንዲት የማላውቃት ቀይ ፍየል አየሁ፤ ከየት እንደመጣች ስጠይቅ ከክትባቱ በኋላ ከሐራ ገበያ የተገዛች ናት አሉኝ። "እንግዲህ እሷ ናት ይዛው የመጣችው" አልኩ።

"ልጄ፣ እሷማ ደህና ናት። ይኸው ታመሰኳለች" አሉ ሴትዮዋ።

"ሳትታመም ልትሸከመው ትችላለች" አልኳቸው። ሪፖርቴም ላይ ይህንኑ ጻፍኩ።

ከዚያ በሽታው ወደ ጎረቤት ተሻገረ። ፍየል ያልሞተበት ቤት ጥቂት ነው። ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ እሳቸው ቀሰረ። የተረፉትን ሦስት ፍየሎችና ያችን ቀይ ፍየል ከመንጋው ጋር የሚያሰማራላቸው ጠፋ። ውሃም ሌላው አጠጥቶ ከሄደ በኋላ ነው የሚያጠጡት። ቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር፣ ለለቅሶ ሲሰበሰብ አጠገባቸው የሚቀመጥ የለም ብለው ነገሩኝ። ከንፈሬን መጠጥኩ። ሌላው ከገበያ ገዝቶ ሲያመጣ ይጠነቀቃል ብዬ አሰብኩ፤ ሻዬን ጠጣሁና ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

በዓመቱ እንደተለመደው ወልድያ ተጠራን። አሠልጣኟ ከእኔ በብዙ የምታንስ ልጅ ናት። ሁለተኛው ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ ፕሮጀክተሩም አብሮ ጠፋ። እኛ ለሻይ ልንነሣ ስናኮበኩብ እሷ ኮምፒውተሯን ዘጋችና "በሉ እንጨዋወት፣ መስክ ላይ ሲሪንጃችሁን በምንድን ነው የምታጸዱት?" አለች።

እጄን አወጣሁ። በስንት ዓመቴ። አፌን ሞልቼ፣ ከአንዱ ሰው መንጋ ወደ ሌላው ሳልሻገር በአልኮል እንደማጥብ፣ መርፌውንም እንደምጠርግ ተናገርኩ። ጨብጭቡለት ትላለች ብዬ ሳልጠብቅ አልቀረሁም።

"የፍየሉን የደስታ መሰል ክትባት ስትሰጥም?" አለችኝ።

"ሁሉንም።"

ላታሳፍረኝ ቃል እየመረጠች እንደሆነ ገባኝ። "ያ ክትባት ሕይወት አለው" አለች። "የተዳከመ ቫይረስ ነው፤ ፍየሏ ውስጥ ገብቶ ካልኖረ ሰውነቷን በሽታውን መቋቋም አያስተምረውም። አልኮል ደግሞ ሥራው መግደል ነው። ሲሪንጁ ውስጥ የቀረው ጥቂት አልኮል ክትባቱን ለመግደል ይበቃል። ሲሪንጅ በውሃ ይቀቀላል፣ ይቀዘቅዛል፣ በቃ።"

ክው አልኩ። ከጎኔ ያለው ጓደኛዬ ደብተሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ምንም ሳይጽፍ እስክሪፕቶውን ያንቀሳቅሳል። ኮሌጅ ሳለሁ ይህን ተምሬው ይሆናል፤ ብማረውም ከአንጋፋው ባለሙያ እጅ ያየሁት በልጦብኛል። እኔ ግን በዚያች ደቂቃ የማስበው ስለ ኮሌጅ አልነበረም። በሽታው ከሐራም ይምጣ፣ ከሰማይም ይውረድ፣ የተከተበች ፍየል ልትቋቋመው ይገባ ነበር። እነዚያ ስምንት ፍየሎች አልተከተቡም። እኔ ሙት ነገር ወግቼ፣ ለሞታቸው ሴትዮዋን ተጠያቂ አድርጌ ወጥቻለሁ። አፈርኩ፤ ሌላ ቃል የለውም።

በሻይ ዕረፍት ላይ ያ ጓደኛዬ ወደ ጥግ ሳበኝ። እሱም ሀብሩ ነው የሚሠራው። "እርሳው። ስንቶቻችን አድርገነዋል" አለኝ። "ይህን መንደር ወስደህ ብታወራ በሚቀጥለው የክትባት ዘመቻ ማን ፍየል ያመጣልሃል? በሽታው ተመልሶ ቢመጣስ?" ያለው ውሸት አልነበረም። ብናገር ሰዉ ክትባቱን ይሸሻል። ዝም ብል ደግሞ እኚያ እናት መንደሩን እንዳስጨረሱ ይኖራሉ። ቀኑን ሙሉ ሁለቱን ሳገላብጥ ዋልኩ፤ ከሰዓት በኋላ የተማርነውን ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቀውም።

በሳምንቱ ወደ ሴትዮዋ ሄድኩ። አጥራቸውን በእሾህ እየጠገኑ አገኘኋቸው። ቁጭ አልኩና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። ሥራቸውን ሳያቆሙ ሰሙኝ። ስጨርስ የያዙትን ቅርንጫፍ አጥሩ ላይ አስገብተው እጃቸውን አራገፉ።

"ታዲያ ለኔ ለምን ትነግረኛለህ?" አሉኝ። "እኔማ እንዳላመጣሁት አውቃለሁ፤ አላህም ያውቃል። የማያውቁት እነሱ ናቸው።"

"ክትባቱን እንዳይተዉ ፈርቼ ነው።"

"እኔ ላይ ስትናገር ምን ፈርተህ ነበር?" ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። መልሴን ሳይጠብቁ ወደ አጥራቸው ተመለሱ።

የዘመቻው ቀን ሲደርስ ሲሪንጆቹን ቤቴ ቀቅዬ፣ አቀዝቅዤ፣ በንጹሕ ዕቃ ይዤ ሄድኩ። ከመንደሩ ወጣ ብሎ ካለው ግራር ሥር ሰው ፍየሉን ይዞ ተሰብስቧል። ሴትዮዋም አራቱን ፍየሎቻቸውን ይዘው ከሁሉም ራቅ ብለው ቆመዋል። የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ሳልከፍት ተናገርኩ። ክትባቱን የገደልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ የእሳቸውም የእነሱም ፍየሎች በዚያ ምክንያት ሳይጠበቁ እንደቀሩ፣ በቀይዋ ፍየል ያሳበብኩት ማምለጫ ፈልጌ እንደሆነ።

አንድ ሽማግሌ "እንግዲያ አምና የወጋኸን ውሃ ነው በለኛ" አሉ።

"ከውሃ አይሻልም ነበር አባቴ። የዛሬው ግን በትክክል ተዘጋጅቷል፤ እርግጠኛ ነኝ።"

"አምናም እርግጠኛ ነበርክ" አሉኝ።

የተሳደበ የለም። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። አንዱ ፍየሎቹን ነዳ፣ ሌላው ተከተለው፣ ከዚያ ወደ መንደሩ የሚወስደው መንገድ በፍየል ሞላ። አምስት ሰው ቀረልኝ። የአምስቱን ሰው ፍየሎች ከተብኩ።

ሴትዮዋ እስክጨርስ ቆመው አዩኝ። ከዚያ ወደ እኔ መጡ። ቢያንስ እሳቸው ያስከትባሉ ብዬ ሲሪንጁን ሞላሁ።

"አሁን ደግሞ ካንተ ይርቃሉ" አሉኝ። ክፋት አልነበረበትም፣ እንዲያው ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነው የተናገሩት። "እኔ ዓመት ሙሉ ችዬዋለሁ። አንተም ትችለዋለህ።"

ፍየሎቻቸውን አዙረው ሄዱ። ፊት ፊት ሲሄድ የነበረ ጎረቤታቸው ዞር ብሎ አያቸውና መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ሲደርሱ የሁለቱ ፍየሎች ተቀላቀሉ፤ አንድ ላይ እየነዱ ወደ መንደሩ ገቡ። ከእነዚያ ፍየሎች አንዷም አልተከተበችም።