ጋሼ ሰማንያ አምስት ያላጠፉት ጥፋት

የመሥሪያ ቤታችን መጽሔት ጡረታ ስለወጣ ባልደረባ ጻፉ ሲል እኔም እጄን አወጣሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፣ ከደብዳቤ ሌላም ጽፌ አላውቅም፣ ስለዚህ ካንዛዛሁ ይቅርታ። የምጽፈው ቲቢ ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት እንቁላል ስላሞቁ ሰውዬ ነው። እሳቸው አጥፍተዋል የተባለውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

እንቁላል ስል ሰው ይስቃል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሕመምተኛው አክታ ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያ መኖሩን ለማወቅ ባክቴሪያውን መግቦ ማሳደግ ያስፈልጋል። ምግቡ የሚሠራው ከእንቁላል ነው። እኔ እንቁላሉን በሳሙና አጥባለሁ፣ አልኮል ውስጥ እነክራለሁ፣ ሰብሬ እመታለሁ፣ በንጹሕ ጨርቅ አጠልላለሁ። አረንጓዴ ቀለም ይገባበትና ቲዩብ ውስጥ ይቀዳል። ከዚያ ጋሼ ቲዩቦቹን አጋድመው ማሞቂያው ውስጥ ይደረድሩና እስኪረጋ ያሞቁታል። ሙቀቱ ሰማንያ አምስት ዲግሪ ነው። በጣም ካለፈ ምግቡ ይበላሻል፣ ባክቴሪያው አያድግበትም። ጋሼ ቴርሞሜትሩን ጮክ ብለው ያነቡ ስለነበር "ሰማንያ አምስት" ስማቸው ሆኖ ቀረ። ሚስታቸው እንኳን ሲደውሉ "እስቲ ሰማንያ አምስትን አቅርቡልኝ" ይሉ ነበር።

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ "ጋሼ፣ ይሄ ነገር ለምንድነው እንቁላል የሚወደው?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ስብ ለምዶ ነዋ" አሉኝ። "ነጭ ሴል የሚባለው የሰውነት ዘበኛ ነው አይደል? ሌባ ሲያገኝ ይውጠዋል። ሌላው ሌባ ሆዱ ውስጥ ይፈጫል። ይሄኛው ግን አልፈጭም ብሎ እዚያው ቤት ሠርቶ ይቀመጣል።"

"ምን እየበላ?"

"የዘበኛውን ምሳ። ዘበኛው ስብ እንዲያጠራቅም ያደርገዋል፣ እሱ ቁጭ ብሎ ያንን ይልሳል። ብረት ሲያምረው ደግሞ የዘበኛውን ብረት ይሰርቃል። አንዳንድ ዘመድ አለ አይደል፣ ለሰላምታ ብሎ ገብቶ ዓመት የሚቀመጥ።"

ዶክተሯ፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ፣ በር ላይ ሆና ትሰማ ነበር። "ጋሼ፣ እኔ ስንት ዓመት የተማርኩትን ባንድ ትንፋሽ ጨረሱት" አለች።

አንድ ጥብቅ ሕግ አለን። መድኃኒት ከወሰደች ዶሮ እንቁላል አንወስድም። መድኃኒቱ እንቁላሉ ውስጥ ይገባና ባክቴሪያው እንዳያድግ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ከአንድ እርባታ ብቻ የምንገዛው።

አንድ ሰኞ የእርባታው መኪና ተበላሽቶ እንቁላል ቀረ። ምግብ ያለበት ቲዩብ ደግሞ አልቆብናል። እህቴ ጓሮዋ ዶሮ ታረባለች፣ ሮጥ ብዬ ሠላሳ እንቁላል አመጣሁ። "መድኃኒት ሰጥተሻቸዋል ወይ?" ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። የእህቴ አይደል ብዬ ተማመንኩ። መዝገቡ ላይም "ከእርባታው" ብዬ ጻፍኩ። ጋሼ አሞቁት። አጠገባቸው ነበርኩ፣ ቴርሞሜትሩን በዓይኔ አይቻለሁ።

እነዚያ ቲዩቦች ላይ የሃያ ስድስት ሰው አክታ ተዘራ። ዶክተሯ ምግቡን ለመፈተን ሦስቱ ላይ ደህና እንደሆነ የምታውቀውን ባክቴሪያ ዘራች። ቲቢ ዘገምተኛ ነው፣ ሦስት አራት ሳምንት ይፈልጋል።

በሁለተኛው ሳምንት እህቴ ቤት ሄድኩ። "ዶሮዎቼ ዳኑልኝ እኮ" አለችኝ። "እያነጠሱ ሲያስቸግሩኝ ውሃቸው ላይ መድኃኒት አደረግኩበት።"

"መቼ?"

"አንቺ እንቁላል የወሰድሽ ሰሞን ነዋ። ምነው ፊትሽ ጠቆረ?"

"ምንም" አልኳት።

ሆድ ይፍጀው ይባላል፣ እኔም ሆድ ይፍጀው አልኩ። ምናልባት ይበቅላል፣ ምናልባት መድኃኒቱ ትንሽ ነው። ሆዴ ግን አልፈጀውም። የዋጥኩት ነገር እንደዚያ እንደ ጋሼ ሌባ እዚያው ተቀምጦ እኔን ይበላኝ ጀመር።

ከሕመምተኞቹ አንዱ በያጅ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ፣ እጁ ላይ የብየዳ ጠባሳ ያለበት፣ በመስኮታችን ብቅ ይላል።

"እህት ዓለም፣ በቀለብኝ ወይ?"

"እስካሁን ምንም የለም።"

"ተመስገን። ሚስቴም ሰሞኑን ትስላለች፣ ከኔ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። እንግዲያ ብርድ ነዋ።"

እንዲህ ሲለኝ የእንቁላሉን ነገር አውቅ ነበር። እያወቅኩ ሁለት ማክሰኞ ዝም አልኩት።

አራተኛው ሳምንት ላይ የዶክተሯ ሦስቱም ቲዩቦች ባዶ ሆኑ። ሕመምተኞቹ በሙሉ እንደገና አክታ እንዲሰጡ ተጠሩ። ከዚያ ሰበሰበችን።

"መዝገቡን አየሁት፣ እንቁላሉ የተለመደው ነው" አለች። "ሙቀቱ አልፎ መሆን አለበት።"

"ሰማንያ አምስት ነበር" አሉ ጋሼ።

"ጋሼ፣ ዓይንዎ ግን እንዴት ነው?"

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት አደረጉ። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ነበር። "ለጊዜው ዕቃ ማጠቢያው ጋ ይሁኑልኝ" አለቻቸው፣ በትሕትና። ምሳ ቤት ውስጥ ደግሞ ቀልዱ ወዲያው ተጀመረ፤ "ሰማንያ አምስት ወደ መቶ ሰማንያ አምስት አደጉ" ተባለ።

ዘጠኝ ቀን ብርጭቆ አጠቡ። በዘጠነኛው ቀን ብልቃጥ ላደርስ ስገባ፣ አንድ የተሰበረ ቴርሞሜትር መስኮቱ ላይ አስደግፈው፣ አንዴ ቀረብ አንዴ ራቅ እያሉ ያነባሉ። የሰው መነጽር ተውሰዋል።

"ነይ እስቲ ልጄ" አሉኝ። "ያን ቀን አጠገቤ ነበርሽ። ስንት ነበር? እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቀየምሽም።"

"ሰማንያ አምስት ነበር ጋሼ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"እንቁላሉ ነው" አልኳቸው። "የእህቴ ዶሮዎች ናቸው። መድኃኒት ጠጥተው ነበር። መዝገቡ ላይም የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

የተዋሱትን መነጽር አወለቁ። "እኔ እኮ ለልጄ ዓይኔ ሊጠፋ ነው ብያታለሁ" አሉ። "ስታለቅስ ነው የሰነበተችው። አሁን ምን ልበላት?"

በሩን በእጃቸው አሳዩኝ።

"ሂጂ ለዶክተሯ ንገሪያት። እኔ አልነግርልሽም።"

ሄጄ ነገርኳት። ዶክተሯ አልጮኸችም። "የመጀመሪያው ቀን ስህተት ነው፣ ይቅር እልሻለሁ" አለችኝ። "ከዚያ በኋላ ዝም ያልሽባቸውን ሳምንታት ግን ይቅር ማለት የኔ ፋንታ አይደለም።" የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ጋሼ ወደ ማሞቂያቸው ተመለሱ።

በአዲሱ ምግብ ላይ የበያጁ በቀለ፣ ክሬም መሳይ፣ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ሻካራ። የሚስቱም በቀለ። ከሱ የያዛት በእነዚያ ሳምንታት ይሁን ከዚያ በፊት ዶክተሯም አታውቅም። ሁለቱም መድኃኒታቸውን ጀምረዋል፣ አሁንም ማክሰኞ ሲመጡ "እህት ዓለም" ይለኛል። አላወቀም መሰለኝ። ወይም አውቆ ነው።

ጋሼ ከዚያ በአራተኛው ወር ጡረታ ወጡ። የሽኝታቸው ቀን አንዱ አዲስ ሠራተኛ፣ ሳቅ ለመፍጠር ብሎ፣ "ያን ጊዜ ምግቡን ያቃጠሉት እሳቸው ናቸው አሉ" አለ። ሰው ሳቀ። ወሬ ሲሄድ በመኪና ነው፣ ሲመለስ በእግሩ፤ ዶክተሯ ያስተካከለችውን ብዙ ሰው አልሰማም። ጋሼም ፈገግ አሉ። ወደኔ እንኳን አላዩም።

ተነሥቼ መናገር ነበረብኝ። ሰው ፊት ቆሜ መናገር አይሆንልኝም። እንደገና ዝም አልኩ።

ለዚህ ነው የጻፍኩት። ጋሼን አላስፈቀድኩም። "ተይው፣ ሆድ ይፍጀው" ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።