መቀናጆ በቴሌቪዥን ፊት

ባለቤቴን ሕመሙ የጣለው በክረምቱ ማብቂያ ላይ ነው። ጠዋት ከአልጋው ልነሳ ሲል ቀኝ እግሩ ከዳው፤ ቀኝ እጁም እንደ ረጠበ ጨርቅ ተንጠለጠለ። አፉ ትንሽ ጠመመ እንጂ ቃሉ አልጠፋም። ሆስፒታል ከርመን ስንወጣ እግሩ በምርኩዝ መሄድ ጀምሮ ነበር፤ እጁ ግን እንደዚያው ቀረ። ሐኪሟ ስታሰናብተን ወደ ጎን ሳበችኝና፣ "እማማ፣ እጃቸው አሁን ካልሠራ በኋላ እየደረቀ ነው የሚሄደው። ደግሞ እናንተ ብታንቀሳቅሱላቸው አይበቃም፤ ራሳቸው ናቸው ማዘዝ ያለባቸው" አለችኝ።

እሷ ይህን ስትል ባሌን አታውቀውም። ደሃና ወረዳ ተወልዶ፣ እርፍና ጅራፍ ይዞ ያረጀ ነው፤ ልጆቻችን ሰቆጣ ሥራ ሲይዙ ነው ተከትለናቸው ከተማ የገባነው። እንዲጨምቀው የሰጠችውን የላስቲክ ኳስ አንድ ጊዜ አየና፣ "ጥርስ ያላበቀልኩ ሕፃን ነኝ?" ብሎ ወረወረው። ቤተ ክርስቲያን መሄድም ተወ። "በግራ እጄ አላማትብም" አለ፤ በቃ፣ ከዚያ በኋላ ከደጅ አልወጣም። ጠያቂ ሲመጣ በላዩ ላይ በለሆሳስ ይወራል። ውሃ ሲደፋ "ምንም አይደለም" ይባላል፤ ቢሳደብም "ምንም አይደለም" ይባላል። እኔም እል ነበር። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በጎረቤት ዘንድ የእርሻ ምክር የሚጠየቅ፣ ሲያጠፋም የሚወቀስ ሰው ነበር። አሁን ጭራሽ የሚወቅሰው ጠፋ። እጁ ሳይደርቅ በፊት ልቡ እንዳይደርቅብኝ ነበር የፈራሁት።

ኮምፒውተሩን ያመጣችው ጎረቤቴ ናት። ሱቅ አላት። ረመዳን ሊገባ ሲል መጋዘኗን ስታጸዳ፣ ወንድሟ በድሮ ዘመን ከጅዳ ያመጣውን በአንሶላ የተጠቀለለ ዕቃ አገኘች። ወፍራም የጽሕፈት መኪና ይመስላል፤ ቁልፎቹ ላይ ዐረብኛ ተጽፎባቸዋል፤ የራሱ መስኮት የለውም። "ይኸው ራሱ ነው ኮምፒውተሩ፤ ከቴሌቪዥን ጋር ነው የሚቀጠል" አለች። "እኔ ጋ አቧራ ከሚጠጣ የልጆችሽ ልጆች ይጫወቱበት። ካልሠራም በር ትደግፊበታለሽ።"

እናታቸው ሥራ ስለምትውል ሁለቱ የልጅ ልጆቼ፣ ሁለቱም ሴቶች፣ ከትምህርት ቤት መልስ እኛ ዘንድ ነው የሚውሉት። ትልቋ ሽቦውን ስታገላብጥ ቆይታ ከአሮጌው ቴሌቪዥናችን ጋር ገጠመችው። ከላዩ ላይ ጥቁር ካሴት ስትሰካበት ሰማይ መጣ። ጨለማ ሰማይ፣ ነጠብጣብ ኮከብ፣ ከታች አንዲት ትንሽ መርከብ። ከላይ የሚያስጠሉ ነፍሳት የሚመስሉ ነገሮች ተሰልፈው ወዲያና ወዲህ እያሉ ይወርዳሉ። መርከቧን በአራቱ የቀስት ቁልፎች ይነዷታል፤ ረጅሙን ቁልፍ ሲመቱት ትተኩሳለች። ወራጆቹ ከነኳት ትፈነዳለች። እኔ የመሠረተ ትምህርት ፊደሌን ይዤ የማውቀው ይህን ያህል ነው፤ ለጨዋታው ግን በቂ ነው።

ጭቅጭቅ ወዲያው ተጀመረ። ትልቋ አትሞትም፤ ትንሿ ቶሎ ትሞታለች። "እማማ፣ እሷ መብራት እስኪሄድ አትለቅም!" አለች ትንሿ። ዳኝነት ተቀመጥኩ። የትልቋ ጨዋታ የፀሐይ ጨረር ከመስኮቱ ጠርዝ ተነሥቶ ግድግዳው ላይ የተመታው ምስማር ጋ እስኪደርስ ነው፤ የትንሿ ደግሞ ከምስማሩ አልፎ ያንኑ ያህል እስኪርቅ ነው። ሞተችም ዳነችም ተራዋ የራሷ ነው፤ ደጋግማ ትጀምራለች። ትልቋ አኮረፈች። ፍርድ ሁሉንም አያስደስትም።

አንድ ከሰዓት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚተኛው ባሌ ከአልጋው ላይ፣ "ከዳር ነው እንጂ!" አለ። ሁላችንም ዞርን። "ግሪሳ ማሽላ ላይ ሲያርፍ መሐሉን ብትመቺው ይበተንና ይመለሳል። ከዳር ጀምረሽ ነው የምታጠቢው።" በወጣትነቱ ማማ ላይ ቆሞ በወንጭፍ ወፍ ሲያባርር የኖረ ነው። ትንሿ እንዳላት ከዳር እየለቀመች ስትመታ ሰልፉ ጠበበ፤ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው ሰማይ ላይ ወጣች።

"እንግዲህ ለአባባም ተራ ይሰጥ" አልኩ። "እዚህ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ተራ አለው።"

ልጆቹ ደግፈው አስቀመጡት። ግራ እጁ ረጅሙ ቁልፍ ላይ ዋለ። የደከመውን ቀኝ እጁን ትልቋ አንስታ ቀስቶቹ ላይ አኖረችለት። ጨዋታው ተጀመረ። መርከቧ እንደ ፍላጻ ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ እሱ ይተኩሳል፤ ወራጆቹ ይረግፋሉ። ትንሿ ታጨበጭባለች። እኔ ግን ቴሌቪዥኑን ትቼ እጁን ነበር የማየው፤ ጣቶቹ አልተነቃነቁም። ትልቋ ከኋላው ተቀምጣ ነጠላዋን ጭኗ ላይ ከምራለች።

"እጅሽን አሳዪኝ" አልኳት።

ከነጠላው ሥር ሌላ መንጃ ወጣ፤ እንደ ማርሽ ዘንግ ያለው፣ ከኮምፒውተሩ ጎን የሚሰካ። መርከቧን ስትነዳ የነበረችው እሷ ናት።

"ደስ እንዲላቸው ብዬ እኮ ነው፣ እማማ።"

"ደስታ ተሰርቆ ይሰጣል?"

"ተያት" አለ እሱ። "ከመጀመሪያውም አውቄያለሁ። እጄ እንዳልተንቀሳቀሰ ከእኔ ወዲያ ማን ያውቃል? ለእኔ የተረፈኝ ተራ ይኸው ነው፤ የይምሰል።" ምርኩዙን ይዞ ተነሳና ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ትልቋ አለቀሰች። ክፋት እንዳልነበራት አውቃለሁ፤ ቢሆንም አላባበልኳትም።

ከዚያ በኋላ ጨዋታ ሲከፈት ብርድ ልብሱን ይከናነባል። "ከዳር" የሚል ድምፅም አልተሰማም።

ልጆቹ ትምህርት ቤት በዋሉበት፣ መብራት በነበረበት ቀን፣ ካሴቱን እንደነሱ አድርጌ ሰካሁና አልጋው አጠገብ መጣሁ።

"አንዱ በሬያችን በድርቁ የሞተ ጊዜ ምን አደረግህ?"

"ምን አደርጋለሁ ብለሽ ነው? ተቀናጀሁ።"

እውነቱን ነው። አንድ በሬ የቀረው ሰው አያርስም፤ አንድ በሬ የቀረው ሌላ ሰው ፈልጎ በሬውን ከበሬው ጋር ይጠምዳል። መቀናጆ ይህ ነው። አንድ ቀን የእኔ ማሳ፣ አንድ ቀን የአንተ ማሳ። የማን በሬ ጠንካራ ነው፣ የማን ከሲታ ነው ተብሎ አይመዘንም። ያን ዓመት የኛ በሬ አጥንቱ ይቆጠር ነበር፤ ከጋዝጊብላ በኩል የመጣው ተቀናጃችን ግን አንድ ቀን እንኳ ተራችንን አላጎደለብንም።

"ታዲያ ዛሬም ግራ እጅ አለህ" አልኩት። "ቀኙን እኔ እሆናለሁ። አንተ ተኩስ፤ እኔ ልንዳ።"

"አንቺ? አንቺ ሪሞቱን እንኳ ገልብጠሽ አይደል የምትይዢው?"

"በመቀናጆ ከሲታ በሬ አይመዘንም። ተነሳ።"

ተነሳ። ለማየት ያህል ነው የተነሳው፤ ግን ተነሳ። ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ትከሻችን ተነካካ። እኔ እውነት ለመናገር የማልረባ ነኝ። ግራ ሲለኝ ቀኝ እሄዳለሁ፤ ሽሺ ሲለኝ ወራጆቹ ሥር እገባለሁ። "ወደ ግራ! ግራ አልኩሽ! ኧረ ይቺን ሴት ማን ጠመደብኝ!" መርከባችን በፈነዳች ቁጥር በኽምጥኛ ይሰድበኛል፤ ከልቡ ሲናደድ የእናቱ ቋንቋ ነው የሚመጣለት። ከታመመ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲገቡ እንዲሁ እንደተጣበቅን አገኙን።

"ይሄማ አያስኬድም!" አለች ትልቋ። ቂሟን አልረሳችም። "አንድ መርከብ ለሁለት ሰው? እኔ ስረዳቸው ስርቆት፣ እርስዎ ሲረዷቸው ጨዋታ?"

"ያንቺ በነጠላ ሥር ነበር። የእኔ እጅ እዚህ ፀሐይ ላይ ነው፤ ሲሳሳትም ይታያል። እናንተም ከፈለጋችሁ ተቀናጁ።"

ልትመልስ አፏን ስትከፍት ባሌ ቀደማት።

"ቆይ። መቀናጆ ከሆነ ተራ አለው" አለ። "ዛሬ አንቺ ነዳሽ፣ እኔ ተኮስኩ። ነገ እኔ እነዳለሁ፣ አንቺ ትተኩሻለሽ።"

በሕጋችን የሚነዳው ቀኝ እጅ ነው። 'እጅህ እኮ' ልል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ሕጉን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ምን እላለሁ?

በማግሥቱ ወንበር ተቀያየርን። ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ ቀስቶቹ ላይ አኖረ። እኔ ረጅሙን ቁልፍ እደበድባለሁ፤ መርከባችን ግን እንደ ተተከለ ችካል ቆማለች፤ ወራጆቹ መጥተው አፈነዷት። እንደገና። ደግሞም እንደገና። ግንባሩ ላብ አወጣ። ትልቋ አላስችላት ብሎ እጇን ስትዘረጋ መታሁባት። "የሰው በሬ አይነካም!"

በተራዬ ቀን እኔ እነዳለሁ፤ በተራው ቀን ቆመን እንሞታለን። እንዲህ እያልን ሰነበትን። በአንዱም ተራው 'ዛሬስ ልተው' አላለም፤ እኔም 'ልንዳልህ' አላልኩም። ይህን አለማለት ከማንኛውም ሥራ ይከብዳል።

አንድ ቀን እንደ ልማዳችን ቆመን ስንጠብቅ መርከቧ ወደ ግራ ተንፏቀቀች። መጀመሪያ ዓይኔ የዋሸኝ መስሎኝ ነበር። እጁን አየሁ፤ ጠቋሚ ጣቱ ቀስቷን ተጭኗታል፤ ጥፍሩ ነጭ ሆኗል። የትልቋ ሁለት እጆች ጭኗ ላይ ባዶአቸውን ተዘርግተዋል። መርከቧ ሄደች፣ ሄደች፤ ጣቱን ማንሳት ግን አልቻለም፤ ቀጥ ብላ ከሚወርደው ነገር ሥር ገባችና ፈነዳች።

ትንሿ በሐዘኔታ "አይዞዎት አባባ፣ ምንም..." ስትል፣ እኔ ግን ነደደኝ። አስመስዬ አይደለም፤ ከልቤ ነደደኝ።

"ወዴት ነው የምትነዳን? ዓይንህ እያየ! ገደልከን እኮ!"

ልጆቹ ደነገጡ። እሱ ቀስ ብሎ ዞረ።

"እኔ ነኝ?"

"ማን ታዲያ? የእኔ እጅ ይኸው እዚህ ነው!"

ወደ ጣቱ ተመለከተ። አሁንም ቀስቷን ይዟታል። ትንሽ የጠመመው አፉ መሳቅ ሲጀምር በአንድ ጎን ነው የሚስቀው፤ ያን ዕለት ግን ጎኑ አልታወቀኝም።

"እውነትሽን ነው" አለ፣ እንደ ሙገሳ ቃሉን እያጣጣመ። "እኔ ነኝ የገደልኳችሁ።" ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና እንደ ድሮው ተቆጣኝ፦ "ነገ ተራው ያንቺ ነው። አንቺ ብትገድዪኝ ግን አልምርሽም።"